የአያ ግርማይ ዣንጥላ

ስለ አያ ግርማይ የሚጽፍ ሰው ቢፈለግ እኔ ባልሆን ይሻል ነበር። ግን እኔ የማውቀውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ የሚያውቁ መስሏቸው ያወሩትማ ብዙ ናቸው።

አናጢ ነበር። ቆቦ ውስጥ ሲከፈትም ሲዘጋም የማይጮህ የቆየ በር ካያችሁ የሱ እጅ ሳይኖርበት አይቀርም። አባቱ ወልደ ገብርኤል ከማይጨው ወርደው እዚህ የቀሩ ሰው ናቸው። እሱ ተወልዶ ያደገው እኛው ሰፈር ስለሆነ አማርኛው የኛው ነው፤ ሲናደድና ሲያዝን ብቻ ትግርኛው ያመልጠዋል። ቀጭን ረጅም፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚውል፣ ቱምቢ ሳይጥል በዓይኑ ብቻ ግድግዳ መዝመሙን የሚናገር ሰው ነበር። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ቃል መስጠት ይቀለዋል። ሰው ሲጨነቅ ማየት ስለማይችል ያልያዘውንም ተስፋ ያድል ነበር።

እኔ ዚነት እባላለሁ። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አግብቼ ፈትቼ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ካላማረ ጥፋቱ የአስተማሪዎቼ አይደለም።

በ1976 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ቀበሌያችን ደህና ቤት ለሌላቸው ነዋሪዎች አሥር ቤቶች ሊሠራ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ጓድ አያሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ እንጨቱንና ሚስማሩን ቀበሌው ከቤት ኪራይ ገቢው ይችላል፣ ቆርቆሮውን የበላይ አካል ይሰጣል፣ ጉልበቱ የሕዝቡ ነው አለን። አጨበጨብን። በዚያ ዘመን ለጭብጨባ ሰነፎች አልነበርንም። አያ ግርማይ ያለ ደመወዝ የሥራው ኃላፊ ሆኖ ተመረጠ፤ ቦታውም ከከተማው በስተምሥራቅ፣ የዞብል ተራራ ፊት ለፊት የሚታይበት ሜዳ ላይ ተለካ።

ዕጣ ሲወጣ የመጀመሪያው ቤት ለእናቴ ለኡሙሃኒ ደረሳት። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ፣ አፋሮች ከቆላ የሚያወጡትን ዘንባባ እየገዛች ሰሌን በመሥራት የምትኖር ሴት ናት። የዕጣው ለት እስኪመሽ ድረስ ስትስቅ ነው የዋለችው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሌላ ወሬ መጣ፤ የቀበሌው ገንዘብ ለእንጨቱ አልበቃም፣ ባለዕጣ ሁሉ ሃያ ሃያ እንጨት ያዋጣ ተባለ። እኛ ሃያ እንጨት ከየት እናምጣ? እናቴ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

አያ ግርማይ የመጣው በማግስቱ ነው። ጎጆአችንን ዞሮ ዞሮ አየና አንዱን ቋሚ በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገው።

«እቴ ኡሙ፣ ምን አስጨነቀሽ? እንጨቱ እዚህ ቆሞልሽ የለም እንዴ?»

«የቱ?»

«ጎጆሽ ነዋ! ጥላሸት የጠገበ እንጨት ምስጥ አይበላው። ይኼ ከገበያው ይበልጣል።»

«እኛስ? የት ልንገባ?»

«ሐምሌ ሳይገባ ከቆርቆሮ በታች ነሽ። እኔ እያለሁ! አጆኺ፣ አይዞሽ።»

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ቆርቆሮው አጓጉቶኝ «እናፍርሰው» አልኩ። አባቴ ወር ሙሉ የለፋበትን ጎጆ በአንድ ጠዋት አወረድነው። ጎረቤታችን እህል ነጋዴው በድረዲን ማድቤቱን ለቀቀልን። ሚስቱ መይሙና «ለጥቂት ወር ምን አላት» ብላ አመዱን ጠርጋ ሰሌን አነጠፈችልን።

ከዚያ እስከ ሚያዝያ እንደ ጉንዳን ሠራን። እኔ ውኃ አመላላሽ ነበርኩ፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራችን እያቦካን አሥሩንም ቤት መረግን። የጎጆአችን እንጨቶች የአንደኛው ቤት ወራጅ ሆነው ጥቁር ጥቁር ብለው ከላይ ተጋድመው ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከቀሩት ነጫጭ የባሕር ዛፍ እንጨቶች መሐል ይለያሉ። በሚያዝያ መጨረሻ አሥር ግድግዳ ቆመ። ጣሪያ ግን የለም። የቀበሌው ገንዘብ በርና ሚስማር ላይ አልቋል፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከበላይ ነው።

ጓድ አያሌው በየሳምንቱ አንድ ቃል ይዞልን ይመጣል። አንድ ሳምንት «ተጠይቋል»፣ በሌላው «ተፈቅዷል»፣ ቀጥሎ «ተጭኗል»። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። አያ ግርማይ በራሱ ኪስ ሁለት ጊዜ በእህል መኪና ላይ ተጭኖ ደሴ ደርሶ ተመለሰ፤ ይዞት የመጣው ግን የደብዳቤ ግልባጭ ነው። ያልተከደነ የጭቃ ግድግዳ አንድ ክረምት አይችልም፤ አንድ ብርቱ ዝናብ ከመታው ከጭዱ ጋር ተንዶ ያድራል። ይህን ከሁላችንም አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነበር።

የዚያ ዓመት በልግ ቀርቶ ነበር። ገበሬው መሬቱን አርሶ፣ የማሽላ ዘሩን በቁና ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሰኔ ሲገባ ከዞብል በላይ ጥቁር ደመና መቆም ጀመረ። በአጎራባቾቹ ከተሞች በዋጃም በጎብዬም ሰው እየተያየ «መጣ፣ ዘንድሮስ መጣ» ይባባላል። ያን ደመና በፍርሃት የሚያየው አያ ግርማይ ብቻ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ለት ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ቤቶቹ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ማፈር የለብኝም፤ ያን ጊዜ ሽንት ቤት ያለው ማን ነው? ያልተከደኑት ግድግዳዎች ለሴት ልጅ ደህና ከለላ ነበሩ። ከአንደኛው ቤት ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ ኮቴ ሰማሁ። መነሣትም መሳልም አልቻልኩም፤ ትንፋሼን ዋጥኩ።

አያ ግርማይ ነበር። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዞረ።

«ሚካኤል አባቴ» አለ፤ ድምፁ እንደ ለማኝ ነበር። «ቆርቆሮው እስኪመጣ ዝናቡን ያዝልኝ። ሁለት ሳምንት ብቻ። እቺን ደሃ ጎጆዋን አስፈርሻታለሁ፤ አታሳፍረኝ። ከያዝክልኝ ዣንጥላ አስገባልሃለሁ።»

ሦስት ጊዜ አማትቦ ሄደ። እኔም ልብሴን አራግፌ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ደስ ነው ያለኝ። ለእኛ ነው የተሳለው፤ እኔም በልቤ «አሚን» ብያለሁ።

ደመናው ሳይዘንብ ሄደ። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ፤ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ምጣድ ሆነ። በግንቦት ካፊያ የበቀለው ጥቂት ማሽላም ክንድ ሳያህል ተጠቅልሎ ቀረ። ገበሬው በሬውን በእህል ዋጋ፣ ቀጥሎም በቆዳው ዋጋ ሸጠ። ሙስሊሙ ዱዓ፣ ክርስቲያኑ እግዚኦታ ያዘ። ከደጋም ከቆላም የሰው ጎርፍ ወደ አስፋልቱ ዳር መውረድ ጀመረ።

ቆርቆሮው የመጣው በነሐሴ አጋማሽ ነው። መቶ ሃያ ቆርቆሮ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። እናቴ ሄዳ በእጇ ዳሰሰችው። አያ ግርማይ መሰላሉን አቁሞ በማግስቱ ሊጀምር ሲል ጓድ አያሌው ወረቀት ይዞ መጣ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የክብር መድረክ ይሠራ፣ ዳሱም ይከደን፣ ቆርቆሮው ከበዓሉ በኋላ ይመለሳል ይላል ወረቀቱ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፣ እኛም አያያዛችን የላላ ነበር። አያ ግርማይ በትግርኛ አንድ ነገር ብሎ መዶሻውን ወረወረው። ከዚያ ደግሞ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ትዕዛዝ ነው። የኛን ጣሪያ መድረኩ ላይ የመታው እሱ ራሱ ነው።

ያን ለት ከውኃው ወረፋ ላይ ነበርኩ። ጉድጓዱ ደርቆ ውኃ በጣሳ ነው የሚቀዳ፤ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ተኮልኩለዋል። አንዷ «አሁንስ ይኼን ዝናብ ማን ያዘብን?» አለች። እኔ ንዴት በልቶኝ ነበር። የጎጆአችን እንጨት ፊቴ ላይ መጣብኝ፣ መሰላል ላይ ቆሞ መድረክ የሚከድነው ሰውዬ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

«አያ ግርማይ ነዋ!» አልኩ። «ዣንጥላ ተስሎ ለሚካኤል አስይዞታል!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እንስራዬን ሞልቼ ቤት ሳልደርስ ቃሉ ገበያ ገብቷል። በሦስተኛው ቀን በድረዲን ራሱ ወሬውን ከጎብዬ ገበያ ይዞልን መጣ፤ ቆቦ ዝናብ ያሳሰረ አናጢ አለ ብለውታል። ማን እንደተናገረው የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም በጆሮው የሰማ ያህል ነበር የሚያወራው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ራቀው። ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ሚስቱ ለተ ብርሃን እሳት ልትጭር ስትሄድ በር ይዘጋባት ጀመር። እግዚኦታ ላይ ሊቆም ቢሄድ አንድ የዋጃ ሽማግሌ ክንዱን ይዘው ከሰልፉ አወጡት። «ልጄ» አሉት፣ «ሚካኤል የቱን ይስማ? ያንተን ወይስ የኛን?» አያ ግርማይ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጓድ አያሌው ይህን ነገር ሳይጠቀምበት አልቀረም። በዓሉ አልፎ ቆርቆሮው ወደኛ አልተመለሰም፤ ለተራበው የመጣው እህል መጋዘን ስላጣ ለሱ ዋለ። ለዚህስ ማን ይከራከራል? ግን ባለዕጣዎቹ መጠየቅ ስለጀመርን የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ አያሌው ተነሥቶ፣ «ቤቶቹ ለምን አላለቁም የሚል ካለ» አለ፣ «በሳይንስ ፈንታ በስለት የሚመራ የሥራ ኃላፊ ስለነበረን ነው።» ገንዘቡ ማለቁን፣ ሦስት ወር ሙሉ «ተጭኗል» ማለቱን፣ መድረኩን አላነሣም። አያ ግርማይ ግለሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ።

ተነሣ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነኝ።

«እውነት ነው» አለ። «ተስያለሁ። ሁለት ሳምንት ነበር የለመንኩት። ሰው ይራባል ብዬ አላሰብኩም፤ ግድግዳውን ብቻ ነው ያሰብኩ።»

«ስትሳል ማን ነበር?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማንም። እሱና እኔ ብቻ።»

እግሬን እግሬን አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ፣ «እኔ ነኝ ያወራሁት፣ ለቀልድ ነው፣ የተሳለውም ለኛ ብሎ ነው» ብል ኖሮ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ከጎኑ ይቆም ነበር። ግን ከዚያ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ጀርባ ምን ታደርጊ ነበር ሊሉኝ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሊስቅብኝ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ እፍረት ፈርቼ ሰውየውን ለትልቁ እፍረት ሰጠሁት። ስብሰባው ከኃላፊነቱ አነሣው፤ እጅ ሲወጣ የኔም እጅ ወጥቷል።

እናቴ በጥር ሞተች። ረሃቡ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሰፈራችን የገባው ተስቦ ነው የወሰዳት። በሰው ማድቤት ውስጥ፣ ሰሌን ላይ። ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት «ቤታችን ተከደነ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተከድኗል» አልኳት። አላህ ይማረኝ።

አስከሬኗ ሊወጣ ሲል አያ ግርማይ አራት እንጨት በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ጥላሸት የጠገቡ ነበሩ። ከአንደኛው ቤት አናት ላይ ነቅሎ ያመጣቸው፣ የጎጆአችን እንጨቶች ናቸው፤ ለመቃብሯ መግጠሚያ። ወንዶቹ ከሱ እጅ ለመቀበል አመነቱ። እሱም እንደተሸከመ ቆመ። በመጨረሻ በድረዲን «ቢስሚላህ» ብሎ ከትከሻው አወረደለት። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አያለሁ። ሮጬ እግሩ ላይ መውደቅ ነበረብኝ፤ ግን ሴቶቹ ያዙኝ፣ እኔም ተያዝኩ።

ከስለቱ በዓመቱ፣ በ1977 ሰኔ፣ ዝናቡ መጣ። ከአሥሩ ግድግዳ ሰባቱን ናዳቸው። ከባለዕጣዎቹ አራቱ ለሰፈራ በመኪና ተጭነው ሄደዋል፣ የሞቱም አሉ፤ ቀበሌው ለሦስት ቤት የሚሆን ቆርቆሮ ብቻ አገኘና «ፕሮጀክቱ ተጠናቀቀ» አለ። ሌላ አናጢ ስላልነበረ አያ ግርማይ ተጠራ። የኛ ቤት ከሦስቱ አንዱ ነበር፤ የእናቴ ዕጣ ለእኔ ተላለፈ።

ከድኖ ሊጨርስ ሲል ስድስት ቆርቆሮ ጎደለ። እሱም ምንም ሳይል ሄዶ ስድስት ይዞ መጣ፤ አሮጌ፣ የሚስማር ቀዳዳቸው በሬንጅ የተደፈነ። የገዛ ማድቤቱን ገልጦ ያመጣው መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። የመጨረሻውን ሚስማር መትቶ ሳይወርድ ዝናቡ ጀመረ። ገብቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ያ የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ድምፅ፣ እናቴ ልትሰማው የነበረው፣ ከላያችን ይወርዳል።

«ዚነት» አለኝ በኋላ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ንገረኝ፣ አያ ግርማይ።»

«ያን ለት ስሳል ሰው አልነበረም። ለሚስቴም አልተናገርኩ። እንግዲህ ማን አወጣው? አስቤ አስቤ ደረስኩበት። እሱ ራሱ ነው። ሚካኤል ራሱ ነው ለሰው ያሳጣኝ። ሰው ቢያማኝ እችለው ነበር። እሱ ግን ለመላእክት አለቃ የነገርከውን ምስጢር ገበያ ሲያወጣብህ… ቆርቆሮው የመጣ ለት ዣንጥላውን ገዝቼው ነበር። በምን ዓይኔ ይዤው ልሂድ? አይቀበለኝም።»

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ ከፈትኩ። የወጣልኝ ግን «ውኃ ልስጥህ?» የሚል ነው። በጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጣ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሲጥል ከጣሪያ በታች ሲጠለል ያየው የለም ይላሉ፤ እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ እየበሰበሰ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ በሬን ከፍቼ ግን አልጠራሁትም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ነቀዘ።

በ1980 መጋቢት ሞተ። ሳንባው ነው አሉ። በዚያው ሰኔ ለተ ብርሃን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ቤቴ መጣች። ከቤታቸው ወራጅ ላይ ያገኘችው ነው። ፈታችው፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ዣንጥላ፣ አንድ ቀን ያልተዘረጋ።

«ያኔ ቤትሽን ሲከድን አንቺ ጋ አውግቶ ነበር» አለችኝ። «ይኼ ያ የተወራበት ዣንጥላ ይሆን?»

«የሚካኤል ነው» አልኳት። «ስለት ነው። እናግባለት።»

በሰኔ አሥራ ሁለት አብረን ሄድን። የወሎ ሰው ሙስሊም ስለት ሲያገባ አይገርመውም፤ ማንም በእንግዳ ዓይን አላየኝም። ተራችን ሲደርስ ካህኑ ዣንጥላውን ተቀብለው ዘረጉትና «የማን ነው? ስለ ምን የተሳለ ነው?» አሉ ጮክ ብለው። ሕዝቡ እልል ሊል ይጠብቃል። ከመሐሉ ያ የዋጃ ሽማግሌ አሉበት፣ የውኃ ወረፋ ሴቶች አሉበት። ለተ ብርሃን ወደኔ ዞረች፤ ወሬውን እንጂ እውነቱን አታውቅማ። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦልኛል። ይህን የመሰለ ቀን ደግሞ አይመጣም።

«የግርማይ ወልደ ገብርኤል ነው» አልኩ። «ስለ ቤት ነው።»

«ቤቱ ተሠራለት?»

«ተሠራለት።»

እልልታው ቀለጠ። ለተ ብርሃን አለቀሰች፣ እጄንም ሳመችው።

እስከ ዛሬ የምኖረው በዚያ ቤት ነው። ስድስቱ አሮጌ ቆርቆሮዎች አሁንም አያፈሱም። አያ ግርማይ ሆይ፣ ያን ለት ማለዳ ሰው ነበረ። ሚካኤል አላሳጣህም። እኔ ነኝ።